ደምን ለምደናልን?

(በስሜን ተራሮች ግርጌ ስለ ዕለት ጠብና ደም መፋሰስ የቀረበ የታሪክ ጽሑፍ)

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ባለፈው ዓመት በአንድ የገበያ ቀን፣ እዚሁ በአዲ አርቃይ፣ ሁለት ጎልማሶች በእርሻ ድንበር ምክንያት ተጣሉና አንደኛው በሌላው ላይ ዱላ አነሣ። በአጠገባቸው እህል ዘርግተው የተቀመጡ አንዲት ባልቴት «በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ። ዱላ ያነሣውም ሰው ዘወር ብሎ አያቸውና ክንዱን ቀስ አድርጎ መለሰ። የእኔ ዓይን ግን የተተከለው በእርሱ ላይ አልነበረም። በዙሪያው ቆመን ከነበርነው ወጣቶች መካከል ለመገላገል የገባ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሦስት አራት የሚሆኑት ግን ስልካቸውን አውጥተው ጠቡን ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ዱላው በተመለሰ ጊዜ አንዱ «ወይኔ፣ ቀረ!» ብሎ ሲያዝን ሰማሁት። እኔም ብሆን ቆሜ ከማየት በቀር አንዳች አላደረግሁም።

ማታ ወደ ቤት ስመለስ ይህንኑ ለአያቴ ነገርኋቸው። እርሳቸውም «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ ሰው ደምን ይፈራ ነበር» አሉኝ። እኔ ግን በታሪክ ትምህርታችን ስለ ዘመነ መሳፍንት ያነበብሁት ትዝ አለኝና «እውን የቀድሞው ሰው ከእኛ ይልቅ ደምን ይፈራ ነበርን?» የሚል ጥያቄ በልቤ ቀረ። በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው። ዓመታቱን በአገራችን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የውጭ አገር ሲሆን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው በአንድ አገር የሚፈሰው ደም ብዛት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰዎች ያንን ደም አይተው የሚሉት ነገር ነው። ብዙ ደም በሚፈስበት ዘመን ሕዝቡ አምርሮ ሊያዝንና ሊቃወም ይችላል፤ ጥቂት ደም በሚፈስበት ዘመንም ሕዝቡ «ምን አለበት» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። መልመድ የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። የእኔም ጥያቄ በይበልጥ ስለ እርሱ ነው።

አሁን ወደ ቀድሞው ዘመን እንመለስ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር ሲጓዝ የሊማሊሞን ዐቀበት ወጥቶ በእኛው አገር አልፏል። በጎንደር በተቀመጠ ጊዜ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበረ። ብሩስ እንደ ጻፈው፣ በአደባባይ የተገደሉት ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር ይጣል ነበር፤ ጅብም በሌሊት ወደ ከተማው እየገባ ይበላው ነበር። እንግዳው ሰው በዚህ እጅግ ሲሰቀቅ፣ የከተማው ሰው ግን በዚያው መንገድ ወደ ገበያውና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይመላለስ ነበር።

በዚያው ጊዜ ገደማ የጀመረው ዘመነ መሳፍንት ከ1761 እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ የቆየ ሲሆን፣ መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ወታደሩ የሚኖረው በገበሬው ጎተራ ነበር። ወታደር ሲመጣ ገበሬው ከብቱን ወደ ገደልና ወደ ዱር ይነዳ ነበር። ይህ ዘመን የተፈጸመው በዚሁ በስሜን ምድር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የስሜኑንና የትግሬውን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉና ውቤ ለራሳቸው መንገሻ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ሽፍትነትን ለማጥፋት ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ብለው ዐዋጅ አስነገሩ። ነገር ግን ሽፍትነትን ለማጥፋት የተነሣው ክንድ ኋላ ራሱ ከሽፍታ የባሰ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ የተቃጠለችው በእርሳቸው ትእዛዝ ነበር። ስለዚህ «በቀድሞ ዘመን ሰው ደምን ይፈራ ነበር» የሚለው ቃል ሳይመረመር የሚታመን አይደለም።

ይሁን እንጂ አያቴ የተናገሩት ፍጹም ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የቀድሞው ሰው ደምን የሚያስቆምበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከእነዚህም አንዱ ያች ባልቴት የጮኹት ቃል ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛም ቢሆን «በሕግ አምላክ» ወይም «በንጉሥ አምላክ» ካለ፣ እጅን መሰብሰብ ግድ ነበር። ቃሉን ሰምቶ የመታ ሰው የበደለው ባላጋራውን ብቻ ሳይሆን ሕጉን ጭምር ነው ተብሎ ይቈጠር ነበር። ተካሳሽና ከሳሽም ኩታቸውን አቆራኝተው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያለ ፖሊስ፣ ያለ ሰንሰለት፣ በኩታ ጫፍ ብቻ ተሳስሮ መሄድ ምን ያህል የሕግ ፍርሃት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

ነፍስ ከጠፋ ግን ነገሩ የከበደ ነበር። በጥንቱ ሥርዓት ገዳዩ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ ይገድሉታል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ዳኛ ያልደረሰበት ደም ደግሞ በልጅ ወይም በወንድም እጅ ይመለስ ነበር። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ በስማችን ላይ ተጽፎ ይገኛል። በማንኛውም ክፍል ስም ሲጠራ ልብ ብላችሁ ስሙ፤ «ደመላሽ» የሚባል ተማሪ አይጠፋም። እንዲሁም «ካሣ» የሚባል፣ «ማስረሻ» የሚባል አይጠፋም። አንዱ ስም ደምን መልስ ይላል፤ ሌላው የጠፋው ተተካልኝ ይላል፤ ሦስተኛው እርሳው ይላል። አባቶቻችን በሐዘናቸው ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን እየመረጡ ልጆቻቸውን ሰይመዋል። ይህም በአንድ ሕዝብ ውስጥ የበቀልና የዕርቅ አሳብ ጎን ለጎን ይኖሩ እንደ ነበር ያስረዳል።

ለዕርቁ ወገን የሚሠሩት ሽማግሌዎችና ካህናት ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ገዳዩ አገር ለቆ ይሄዳል፤ ሽማግሌዎች በሟችና በገዳይ ቤት መካከል ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይመላለሳሉ፤ ካህናትም መስቀል ይዘው ይለምናሉ። በመጨረሻ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይወድቃል፤ ካሣ ይቈረጣል፤ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ፤ ደሙም ደረቀ ይባላል። ይህ ሥርዓት ያዳነውን ነፍስ የሚቈጥር የለም። ጉድለትም አለበት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንደሚባለው፣ በሽማግሌ ጫና ታርቆ በልቡ ቂም የያዘ አለ። ከዚህም የባሰው፣ ጠቡን ለማብረድ ሲባል ልጃገረድን ለባላጋራ ቤተሰብ መዳር በየቦታው ይደረግ ነበር። የወንዶች ደም ሲደርቅ በእርስዋ ላይ የተደረገውን በደል የሚለው አልነበረም፤ ስሙም ሰላም ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ወዲህ ያለውን ለውጥ እንመልከት። ዘመናዊው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታወጀ፤ በሥራ ላይ የዋለውም በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መቅጣት የመንግሥት እንጂ የሟች ወንድም ሥራ አይደለም። ያም ሆኖ መንግሥት ራሱ ደምን ለሕዝብ ያሳይ ነበር። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ፤ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይ በተክለ ሃይማኖት አደባባይ በሕዝብ ፊት ተሰቀሉ። ትንሽ ልጅ ሁሉ ሊያይ ይሄድ ነበር ይባላል። በ1949ኙ ሕግ ውስጥ ሌላም የሚያስገርም ነገር ነበረ፤ ልጃገረድን የጠለፈ ሰው በኋላ በሕግ ካገባት ከክስ ነፃ ይሆን ነበር። ይህ አንቀጽ የተሻረው በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። ያው ሕግ ሚስትን መደብደብንም በስሙ ጠርቶ ወንጀል አለው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ተደንግጓል። ወላጆቻችን በአርጩሜ እየተገረፉ ፊደል የቈጠሩ ስለ ሆኑ ይህ ለውጥ ትንሽ አይደለም።

ሕግ በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን የሰው ልብ መለወጡን አያስረዳም። ልብን ለመለካት የሞከረ አንድ ጥናት ግን አለ። በመላው ኢትዮጵያ በየጥቂት ዓመቱ በሚደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ላይ «ሚስት ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትናገር ከቤት ብትወጣ፣ ልጆችዋን ችላ ብትል ባልዋ ቢመታት ተገቢ ነውን?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ከምክንያቶቹ ቢያንስ በአንዱ «አዎን፣ ተገቢ ነው» ያሉት ሴቶች በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 81፣ በ2003 ዓ.ም. 68፣ በ2008 ዓ.ም. 63 ነበሩ። ወንዶቹ ደግሞ በእነዚሁ ዓመታት 52፣ 45፣ 28 ናቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በዚህ ረገድ መልመዱ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አልሄደም። ሁለተኛ፣ ዱላውን ተገቢ ነው የሚሉት ከሚመቱት ይልቅ የሚመቱባቸው ሰዎች በዝተው ተገኝተዋል። ይህን ቍጥር ባየሁ ጊዜ እጅግ አዘንሁ፤ ነገር ግን መልመድ ማለት ምን እንደ ሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልማድ የሚጸናው የተበደለው ሰው ራሱ በደሉን ትክክል ነው ሲል ነው።

ስለ መሣሪያም ጥቂት ልናገር። በእኛ አገር ጠመንጃ የወንድ ልጅ ክብር ሁኖ ኖሯል፤ በሰርግም በለቅሶም ይተኮሳል። አባቶቻችን በዐድዋ ጊዜ የያዙት ሰናድርና ውጅግራ አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ ጊዜ የሚተኩስ ነበር። በአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ጊዜም አርበኞች በዚሁና ከጠላት በማረኩት ተዋጉ። በወልቀፊት የነበረው የኢጣልያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ፣ ጎንደርም በኅዳር ወር ነፃ ስትወጣ፣ በየቤቱ የቀረው ጠመንጃ ብዙ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ክላሽ በየመንደሩ ገባ። የድንበር ጠብ ያው የድንበር ጠብ ነው፤ ቍጣውም ያው ነው። በዱላ ቢሆን ራስ የሚፈነክት ቍጣ፣ በውጅግራ ቢሆን አንድ ሰው የሚገድል ቍጣ፣ በሠላሳ ጥይት ካዝና ግን ሽማግሌ «በሕግ አምላክ» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ቤተሰብ ይፈጃል። ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር በ2012 ዓ.ም. ዐዋጅ ቍጥር 1177 ወጥቷል፤ ነገር ግን ጦርነት በተከተለበት አገር ዐዋጅን ማስፈጸም ቀላል አልሆነም።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ወደ ውጭ አገርም እንመልከት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1804 ምክትል ፕሬዚዳንቱ አሮን በር የቀድሞውን የገንዘብ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሃሚልተንን ለክብር ሲባል በተደረገ የሽጉጥ ግጥሚያ ገደሉ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹም ሃትፊልድና ማኮይ የሚባሉ ሁለት ቤተሰቦች በኬንታኪና በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ልክ እንደ እኛ አገር ደመኞች ሲገዳደሉ ኖረዋል። በደቡብ ግዛቶች ጥቍሮች ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ ሲሰቀሉ ፎቶግራፉ የፖስታ ካርድ ሁኖ ይሸጥ ነበር። ይህን ግፍ በፌዴራል ሕግ በስሙ ወንጀል ያለው ዐዋጅ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ኬኔዲ በተገደሉ ጊዜ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የግፍን ምክንያት የሚመረምር ኮሚሲዮን አቋቋሙ። ከዚያም በኋላ ነገሩ ወጣ ወረደ እንጂ ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ ከመቶ ሺህ ሰው በየዓመቱ የሚገደለው እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ 10 የሚጠጋ ነበር፣ በ2014 ከ5 በታች ወረደ፣ በ2020 እንደገና ከ6 በላይ ወጣ። እንግዲህ በሀብት የበለጸገ አገርም ቢሆን ከዚህ ፈተና አላመለጠም።

ወደ አገራችን ስመለስ እጄ የሚከብድበት ክፍል ደረሰ። ታሪክ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እንደማይሄድ የሚያሳየን የራሳችን ዘመን ነው። ብሩስ ከተጓዘ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የወጣቶች ሬሳ እንደገና በከተማ መንገድ ላይ ተጣለ፤ እናትም ለልጅዋ እንዳታለቅስ ተከለከለች። ከዚያም በእኛ ዕድሜ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ወደ አዲ አርቃይ ደረሰ፤ ወደ ዳባትም ዘለቀ። በነሐሴ መጨረሻ በጭና ቀበሌ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከተከዜ ማዶም በትግራይ እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሕዝብ አልቋል፤ የዚያች እናት እንባ ከዚህችኛዋ እንባ የሚለይበት ነገር የለም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ሌላ ውጊያ ተነሣ፤ በዚህም አያሌ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጽሐፉን ጥሎ የቀረ ጓደኛ የሌለው ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም።

ጦርነት ሲያበቃም እንኳ ልማድ ይተዋል። የጦርነቱ ልጅ የሆነው አዲስ በደል እገታ ነው። ሰው ከመንገድ ወይም ከቤቱ ተወስዶ በገንዘብ ይለወጣል። ከበደሉም በላይ ያስፈራኝ ስለ በደሉ የምንናገርበት ቋንቋ ነው። ሰው ታገተ ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማን አገተው? ሕግስ የት ነበር?» ብለን አይደለም፤ «ስንት ተጠየቀ?» ብለን ነው። መልሱን ሰምተን «ደግ ነው፣ ትንሽ ነው የጠየቁት» የምንልበት ጊዜም አለ። የሰው ዋጋ እንደ በሬ ዋጋ በገበያ ሲወጣና ሲወርድ እየሰማን ሻያችንን እንጠጣለን። ያ የጎንደር ሰው በሬሳ አጠገብ አልፎ ገበያ ይሄድ ነበር ብለን ስንገረም፣ እኛም በዚያው መንገድ ላይ ነን።

አሁን ለጥያቄዬ መልስ ልስጥ። ደምን ለምደናልን? የእኔ መልስ አንድ ቃል አይደለም። በቤት ውስጥ ስላለው ዱላ፣ ስለ ጠለፋ፣ ስለ አርጩሜ፣ ስለ አደባባይ ስቅላት ሲሆን፣ ከአያቶቻችን ይልቅ እኛ እንጸየፋለን፤ ይህን መካድ በብዙ ድካም የተገኘውን ነገር መናቅ ነው። በአደባባይና በመንገድ ስለሚደረገው ግን፣ አያቶቻችን የነበራቸውን ማስቆሚያ እየተውን ሌላ አላበጀንም። የእነርሱ ዘመን ከእኛ የተሻለ አልነበረም፤ ነገር ግን ጠብ ሲነሣ ቆሞ ማየት ነውር ነበር። ከእኛ የጎደለው ይህ ነውር ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን አሳቤን ሰምተው «በክላሽ ፊት በሕግ አምላክ ብሎ መጮህ ሞኝነት ነው» ብለውኛል። ተቃውሞአቸው እውነት አለበት፤ መሣሪያ በያዘ ሰው ፊት ማንም ተማሪ ነፍሱን እንዲጥል አልመክርም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጠብ በክላሽ አይጀመርም። በስድብ፣ በፌዝ፣ በድንበር፣ በውኃ ተራ ይጀመራል። በትምህርት ቤታችን ግቢ ሁለት ልጆች ሲያያዙ ክብ ሠርተን «በለው! በለው!» የምንለው እኛው ነን። ስልክ አውጥተን የምናነሣውም እኛው ነን። የተመታችውን እኅታችንን «ምን አድርገሽ ነው?» ብለን የምንጠይቀውም እኛው ነን። እነዚህን ሦስቱን ለመተው ዐዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም።

መምህራኖቻችን የሽማግሌዎቻችን ቃል ሳይጠፋ ተማሪዎች እየጠየቁ እንዲጽፉት ቢያደርጉ፣ ወላጆቻችንም የጠቡን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የዕርቁንም ታሪክ ቢነግሩን እጅግ ይጠቅመን ነበር። እኛ ስለ ደመላሹ ብዙ ፉከራ ሰምተን አድገናል፤ ደሙን ስላደረቀው ሽማግሌ ግን የሰማነው ጥቂት ነው።

ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀሁ በኋላ እነዚያን ባልቴት በገበያ ፈልጌ አገኘኋቸውና «እማማ፣ ያን ዕለት ዱላው በእርስዎ ላይ ቢዞርስ አልፈሩም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ጤፋቸውን በቍና እየሰፈሩ «ፈርቼ ነው እንጂ ልጄ! ሳልፈራማ ለምን እጮሃለሁ?» አሉኝ። እኛም እንደ እርሳቸው መፍራትን ብንማር መልካም ነው እላለሁ።